የቅዳሜ ፎጣ

«ከእሷ ነው አሉ የያዘኝ፤ ከገዛ እናቴ!»

ልጅቷ ይህን ያለችው ለአክስቷ ነው፣ በስልክ። ድምፅዋን የቀነሰች መስሏታል። ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው ግን ግድግዳ ሳይሆን ጀርባው የተላጠ ቁም ሣጥን ነው፤ ከወዲያ የተተነፈሰው ሁሉ ከወዲህ ይሰማል። እናትየው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ጫማ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቀረች። አክስትየው ምን እንደምትል አይሰማም፤ ከልጅቷ መልስ ግን መገመት አያቅትም። «አዎ፣ አፍንጫዋ ውስጥ ተገኘ አሉ… እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባክቴሪያ ነገር ነው… ኧረ አላልኳትም፤ ምን ብዬ ነው የምላት?» ከዚያ አክስቷን አዳመጠችና «እሺ፣ እጠነቀቃለሁ» አለች። እናትየውን የወጋቻት ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ልጅ ከእናቷ ልትጠነቀቅ! ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች፣ ገመዱን ከሚገባው በላይ አጥብቃ አሰረች፣ ተነሣች።

መታጠቢያው ጋ ሌላ ጉድ ጠበቃት። ከቧንቧው ሥር ዘወትር የምትቀመጠው ሳሙና ሁለት ሆናለች። አዲሱ፣ ያ ዋጋው ጣሪያ የነካው ባለ ጽጌረዳ ሽታ ሳሙና፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል፤ አሮጌው መስኮቱ ደፍ ላይ ተሰዷል። የእሷ ብርጭቆም ከመደርደሪያው ወርዳ ለብቻዋ ተደፍታለች። እናትየው በተሰደደው ሳሙና ታጠበች፣ በተነጠለችው ብርጭቆ ሻይዋን ቀድታ ቆማ ጠጣች። ልጅቷ ቀኝ ጎኗን በእጇ ደግፋ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ወጣች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ትርፍ አንጀቷን በቀዶ ጥገና ካወጡላት ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ዛሬም ግን እንደ አሮጊት አጎንብሳ ነው የምትራመደው።

«ቁስሉ እንዴት አደረ?»

«ደህና።»

«ዛሬ ቁስሉን ለማሳጠብ ሆስፒታል ትመጪያለሽ?»

«አምስት ሰዓት።»

በዚሁ አበቃ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናትና ልጅ አንዱን ወሬ ሳይጨርሱ ሌላውን የሚጀምሩ፣ ጎረቤት «እነዚህ ሰዎች ሬዲዮ አያስፈልጋቸውም» የሚላቸው ነበሩ። ዛሬ ልጅቷ የዳቦውን ቢላ ስታነሣ እንኳ እናትየው ይዛው የነበረውን እጀታ በዓይኗ ስትመረምር አየቻት። እናትየው ከዚያ በላይ እዚያ ቤት ብትቆይ የምታለቅስ ስለመሰላት ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

እናትየውን በምትሠራበት ሆስፒታል «እንፋሎት» ነው የሚሏት። ስሙን ማን እንዳወጣላት ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ በጭጋግ ተጠቅልላ ብቅ ስትል ያየ ሁሉ ግን ልኳ እንደሆነ ይመሰክራል። አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ክንዶቿ የፈረጠሙ ናቸው፤ ምላሷም ከክንዷ አያንስም። አራት ፎቅ ሙሉ ሰው የተኛበት፣ የደማበት፣ ያስመለሰበት አንሶላ በእሷ እጅ ያልፋል። ታች በበርሜል ይፈላል፣ ይጨመቃል፣ በካውያ ይተኮሳል፣ ተጣጥፎ ወደ ላይ ይወጣል። ባለፈው ወር ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች «ይህን የመሰለ ነጭ አንሶላ!» ብለው አድንቀው ሲሄዱ፣ አለቆቹ ምስጋናውን ለራሳቸው ተቀብለው ለእሷ መንገሩን ረስተውታል። እሷ እንደሆነች ቅር አላላትም። ቆሻሻ የሌላ ሰው ነው፣ የምታጠፋው እኔ ነኝ ብላ የምታምን ሴት ናት፤ ቆሻሻ ተብላም አታውቅም፣ እስከ ትላንት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አምስት የቀዶ ጥገና ቁስል አመረቀዘ። የአንድ ሹፌር፣ የአንድ ጡረተኛ መምህር፣ የሁለት ሴቶች፣ አምስተኛው የእሷው ልጅ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአምስተኛው ቀን ስፌቱ ቀላ፣ ጋለ፣ ተነፋ፤ ከዚያ ፈነዳና ቢጫ መግል ወረደው። መግሉ ሲመረመር ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። አለቆቹ ተሰበሰቡና «ሠራተኛ ይመርመር» አሉ። ሠራተኛ ሲሉ ታዲያ ማንን ነው? አራት የጽዳት ሴቶች፣ አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ አንዲት እንፋሎት። በድምሩ ስድስት አፍንጫ። ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ገብቶ ተሽከረከረ፤ ካስነጠሳቸው በስተቀር ማንም ምንም አልሆነም። ከአራት ቀን በኋላ ከስድስቱ የአንዷ ብቻ «ተገኝቶባታል» ተባለ።

ትላንት ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገላት። «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» ይላል። ወትሮ «አንቺ» የሚላት ሰው ትላንት «እርስዎ» አላት፤ ነገሩ እንዳለቀለት የገባት ያኔ ነው። «ይፈርሙ፣ የሦስት ወር ደሞዝ ይውሰዱ፤ አለበለዚያ በጤና ምክንያት እናሰናብታለን፤ ያኔ ሌላ ቦታም የሚቀጥርዎት አያገኙም» አላት፤ እስከ ዛሬ አራት ሰዓት ተኩል እንድታስብበትም ጊዜ ሰጣት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ገባ፤ የሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ የልጅቷ ጓደኛ ናት።

በአውቶቡሱ ውስጥ ብረቱን ይዛ ቆማ ስታስብ የመጣችው ሥራውን አልነበረም። ሥራስ ይቅር፣ ክንድ እያለኝ አልራብም። ግን ልጄን ያቆሰልኳት እኔ ነኝ? እያለች ነበር። ያቺን ወረቀት ከፈረመች «አዎ እኔ ነኝ» ማለቷ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ፊት ብቻ ሳይሆን ከቁም ሣጥኑ ማዶ ለምትተኛው ልጅ። ከዚያ በኋላ ሳሙናው ዕድሜ ልኩን መስኮቱ ላይ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሲያስነጥስ አፍንጫውን አየችው። ከዚያ ሹፌሩን፣ ከዚያ ተሳፋሪውን ሁሉ፣ አፍንጫ አፍንጫውን። ማንም አልመረመራቸውም እኮ!

የመጀመሪያውን የአንሶላ ዙር በርሜል ውስጥ ጨመረችና በቀጥታ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ላቦራቶሪው ጋ ወጣች። የላቦራቶሪው ሰው ከሰው ጋር ከሚያወራ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቢያወራ የሚመርጥ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ዝምተኛ ነው።

«አሳየኝ» አለችው፣ ገና በሩን ሳትዘጋ።

«ምኑን እትዬ?»

«አፍንጫዬ ውስጥ ያገኘኸውን ነዋ! ሰው የሚባረርበትን ነገር መልኩን እንኳ አይይም?»

ልጁ በሩን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ትንሽ ፍሪጅ የምትመስል፣ ግን ከውስጧ ሙቀት የምትተነፍስ ሣጥን ከፍቶ ክብ ጠፍጣፋ ዕቃ አወጣ። ውስጡ እንደ ጄሊ የረጋ ቀይ ነገር ላይ ወርቅማ ነጠብጣቦች፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ፣ ተበትነውበታል። እንፋሎት ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። በአንድ በኩል ዓይኗ ሥር ቁልጭ ብለው ሲታዩ አፈረች፤ በሌላ በኩል ሳቋ መጣ።

«ደግሞ አምራ ሞታለች! አምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ኪራይ ስትኖር ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳል አላሳለችኝ?»

አይናገርም የተባለው ሰው ስለዚህች ነገር ሲጠየቅ ግን ምላሱ ተፈታ። ከሦስት ሰው የአንዱ አፍንጫ ውስጥ ትኖራለች አላት፤ እዚሁ ፊት ለፊት፣ እርጥበትና ሙቀት ባለበት። ብብትም ብሽሽትም ትወዳለች። አንዳንዱ ሰው ላይ ዕድሜ ልኩን ትከርማለች፣ አንዳንዱ ላይ መጥታ ትሄዳለች፤ ዘመዶቿማ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ አሉ፣ ያለነሱ የተፈጠረ ቆዳ የለም። ቆዳ ደህና እስከሆነ ድረስ የተዘጋ በር ነው፤ ቤተሰቡን አትነካም። ቆዳ ሲቀደድ፣ ሲላጭ፣ ሲሰፋ ግን በሩ ተከፈተ ማለት ነው፤ ያኔ ትገባለች፣ ያኔ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች፤ ሥጋ ታቆስላለች፣ መግል ታቋጥራለች፣ ባስ ካለም ደም ውስጥ ገብታ ትገድላለች። በማይክሮስኮፕም አሳያት፤ ክብ ክብ ሆነው እንደ ወይን ዘለላ ተቃቅፈዋል። እንፋሎት አንድ ዓይኗን ጨፍና እያየች ዋናውን ጥያቄዋን ጠየቀች።

«ልጄን የያዘቻት የእኔዋ ናት?»

«አላውቅም እትዬ። እዚህ ባለን ዕቃ የማን እንደሆነች መለየት አልችልም። የእርስዎ ልትሆን ትችላለች። ከቀደዳት ሐኪም የመጣች ልትሆን ትችላለች። ከራሷ ከልጅዎ አፍንጫም ልትሆን ትችላለች፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም እንደዚያ ነው።»

«የሐኪሙን አፍንጫ አየህ?»

«አልታዘዝኩም።»

«የነርሶቹን አለቃ፣ የሜትረኗንስ?»

«አልታዘዝኩም» አለና አቀረቀረ። ከዚያ ሣጥኗን ደግሞ ከፍቶ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከኋላ በኩል የተሸሸገ ሌላ ዕቃ አወጣ። ስም አልተጻፈበትም። ነጠብጣቦቹ ያው ናቸው፣ ወርቅማ፤ ከእሷ ዕቃ ይልቅ እንዲያውም በዝተዋል። «የእኔ ነው» አላት በሹክሹክታ። ያን ቀን የስድስቱን ሲወስድ በራሱ አፍንጫም እንጨቱን ከቶ ነበር። ዓይኖቹ ይለምኗታል፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችው፣ ገና ቋሚ ያልሆነ ሠራተኛ ነው። እንፋሎት ደሟ ፈላ። በጥፊ ብትለው ደስ ባላት፤ ግን ደግሞ በሩን ዘግቶ ይህን ያሳያት ይህ ፈሪ ብቻ ነው።

«እሺ፣ እግር አላት?» አለችው በመጨረሻ። «ከአፍንጫ ተነሥታ ሆድ ድረስ በምን ትሄዳለች?»

«በእጅ ነዋ። እጅ ነው የሚያመላልሳት። ከእጅ ደግሞ ወደ ጨርቅ፤ ጨርቅ ላይ ቀናት ትቆያለች።»

ጨርቅ! ደረጃውን ስትወርድ መሃል ላይ ቆመች። ሌላውን ሰው ስለ ጨርቅ ይጠይቁት እንጂ እሷንማ ማን ያስተምራታል። አንሶላውን በሐሳቧ አገላበጠች፤ እሱ ፈልቶ ተተኩሶ ነው የሚወጣው። የቀዶ ጥገናው ጨርቅ የራሱ ማሽን አለው። ከዚያ አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ቦግ አለ። ትናንሾቹ ፎጣዎች! መዳፍ የሚያክሉ፣ ነጭ፣ ድሮ በየጠዋቱ በብዙ ደርዘን ወደ ላይ የምትልካቸው። ነርሱ እጁን ታጥቦ በአንዷ ይጠርግና ቅርጫት ውስጥ ይጥላታል፤ ማታ ተመልሳ ታች ትመጣለች። ከሁለት ወር ተኩል በፊት ግን ፎጣዎቹ አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር፤ ሠራተኛው በቦርሳው እየከተተ ቤቱ ይወስዳቸዋል። ሜትረኗ ተናደደች፤ የተረፉትን ሰብስባ ቢሮዋ ካቢኔ ውስጥ ቆለፈችባቸውና በየክፍሉ ከቧንቧው አጠገብ አንድ አንድ ትልቅ ፎጣ ሰቀለች፣ የክፍሉ ቁጥር በሰማያዊ ክር የተጠለፈበት፣ በየቅዳሜው የሚቀየር። ለዓይን ያምራል፣ ሌባም አይደፍረውም። ጓንትም በዚያው ሰሞን ዋጋው እጥፍ ስለሆነ ለቀዶ ጥገና ክፍል ብቻ ይታደል ተባለ። ሌላው በደንብ ይታጠብ። ሜትረኗ እጅ በመታጠብ ቀልድ አታውቅም፤ ከየቧንቧው በላይ ስድስቱን የአስተጣጠብ ደረጃ በእጅ ጽሕፈቷ ለጥፋለች፣ የሚታጠበው ሰው አጠገብ ሰዓቷን እያየች ትቆማለች። ጣት ለጣት፣ ጥፍር ለጥፍር ፈትጎ የታጠበው ሁሉ ታዲያ ዞር ብሎ በዚያችው በአንዲቷ ፎጣ ይጠርጋል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ።

እና እሷስ? እሷማ ሥራዋ ስለቀለለ «ሜትረኗን ዕድሜ ይስጣት» ብላ መርቃለች! ቅዳሜ ቅዳሜ ፎጣው ግራጫ ሆኖ፣ ደርቆ እንደ ቆዳ ቆሞ፣ እዚህም እዚያም ቢጫ ነጥብ ይዞ ሲመጣላት አፍንጫዋን ይዛ በርሜል ውስጥ ከትታዋለች፤ አንድም ቀን ወደ ላይ ወጥታ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አላለችም። «እኔም አለሁበት» አለች ደረጃው ላይ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። ያመማት እውነት ነው፤ ግን ከዚህ በኋላ እግሯ አልከበዳትም።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አራት ሰዓት ተኩል ስትገባ ወረቀቱም እስክሪብቶውም ተዘጋጅተው ጠበቋት። ሜትረኗ ጥግ ላይ፣ ቀጥ ብላ፣ ቁልፎቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ወንበር ማንም አላሳያትም፤ ራሷ ስባ ተቀመጠች።

«አልፈርምም» አለች።

«የጤና ጉዳይ ነው እኮ፤ ማንም አልሰደበዎትም» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ለሕፃን እንደሚናገር።

«ጤናዬ ምን ሆነ? በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ቀን ታምሜ ቀረሁ? ይቺ ነገር ከሦስት ሰው አንዱ ላይ አለች። እኛ ስድስት ነን፤ እናንተ ስልሳ ናችሁ። የሁላችሁም አፍንጫ ይታይና የተገኘበት ሁሉ ይፈርም፤ እኔም ያን ጊዜ ተሰልፌ እፈርማለሁ።»

«የእኔን አፍንጫ?» አለች ሜትረኗ፤ ልብስሽን አውልቂ የተባለች ያህል ነው የደነገጠችው። «እኔ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ሰው!»

«ባክቴሪያዋ ዲፕሎማ አትጠይቅም።»

የላቦራቶሪው ሰው ዕቃ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ሁለቱንም አፍ ባስያዘቻቸው። ዋጠችው። ራሷን ለማዳን ያቺን ሕፃን ከነአባቷ መድረሻ ማሳጣት አልሆነላትም፤ በዚህም በራሷ ኮራች። በምትኩ ስለ ፎጣው ነገረቻቸው፣ ስለ ቅዳሜው፣ ስለ ቢጫው ነጥብ፣ ዝም ማለቷንም ሳትደብቅ። የሜትረኗ ፊት ለአንድ አፍታ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን ተቆጣች። «ፎጣው የሚጠርገው ንጹሕ እጅ ነው! ታጥበው ነው የሚጠርጉት! ንጹሕ እጅ የጠረገ ፎጣ ከየት አምጥቶ ነው የሚቆሽሸው?» አለች። ይህን ስትል ከልቧ ነበር፤ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ከልቧ ያመነችው ይህንኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «በቃ፣ የስንብት ደብዳቤ ይጻፋል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የሕሙማን ልብስ እንዳይነኩ!»

«ልብስ አልነካም» አለች እንፋሎት ተነሥታ። «ፎጣ ነው የምነካው።»

ከአራተኛ ፎቅ ጀመረች። ዓይኗን በጨው አጥባ፣ በር ሳታንኳኳ፣ ክፍል ለክፍል ገብታ ፎጣውን ከመስቀያው ትመነጭቀዋለች፤ ክንዷ ላይ ጣል ታደርገዋለች፤ ትወጣለች። አንዲት ነርስ ደንግጣ «እንዴ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው?» ብትላት «ማክሰኞ ነው፤ ቅዳሜ ቀርቷል» ብላት አለፈች። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንደኛ ፎቅ። ከኋላዋ እርጥብ እጁን አንጠልጥሎ በሩ ላይ የሚወጣው ሰው በዛ። ስምንት ሆነውላታል፤ የቀረው መሬቱ ፎቅ ላይ ያለው የቁስል ማጠቢያ ክፍል ነው።

እዚያ ስትደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ልጅቷ ጠባቡ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ቀሚሷን እስከ ደረቷ ሰብስባለች፤ አሮጌው ፋሻ ተነሥቷል፣ ቁስሉ አፉን ከፍቷል። ቁስል አጣቢው፣ ተጫዋች ወጣት ነርስ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በስድስቱ ደረጃ እየታጠበ ነው። ጨረሰ፣ ቧንቧውን በክርኑ ዘጋ፣ እጁን ወደ ፎጣው ዘረጋ። የእንፋሎት እጅ ቀደመው።

«ኧረ ስጪኝ እንጂ፣ ሰው ተኝቶ እየጠበቀኝ!»

«ከጠዋት ጀምሮ ማንን ማንን አጠብክ?»

ነርሱ ቀልድ መስሎት ውሃ እያንጠባጠበ ቆጠረላት። «ያ ባለ ስኳሩ፣ እግሩ… ብብቱ ላይ እባጭ የወጣበት ተማሪ… ሹፌሩ… ያቺ ጡቷ ያበጠ እመጫት…»

«በየመሃሉ ታጠብክ?»

«እንዴታ! ታውቂኝ የለ!»

«በምን ጠረግክ?»

ነርሱ ክንዷ ላይ ያለውን ፎጣ አየው። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ሲጠፋ ልጅቷ ከአልጋው ላይ ሆና ትመለከት ነበር። በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁና ሜትረኗ ዘበኛውን አስከትለው ደረሱ። ዘበኛው ከበሩ አልገባም፤ «እንፋሎት፣ በእናትሽ አታጣዪኝ» እያለ ይለማመጣታል። ሥራ አስኪያጁ «ፎጣውን ቦታው መልሺ!» ብሎ ጮኸ፤ «እርስዎ» ማለቱን ረስቶታል። ከእነሱ ኋላ የላቦራቶሪው ሰው ተሹለክልኮ ገባና፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ ባለ ጥጧን እንጨት ከወረቀቷ አውጥቶ በክፍሉ ፎጣ ላይ አሽከረከራት። «ማን አዘዘህ?» አለችው ሜትረኗ። «ማንም» አለ፤ «በሁለት ቀን ውስጥ ውጤቱን እናያለን።» ስለ ራሱ አፍንጫ ትንፍሽ አላለም፤ እንፋሎትም አልጠበቀችበትም።

ልጅቷ ያኔ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። አመማት፤ ፊቷ ላይ ታየ። ቀሚሷን ጎትታ ቁስሏን ሸፈነች።

«በዚያ ፎጣ እጁን የጠረገ ሰው አይነካኝም» አለች።

«የኔ እህት፣ በሽታው የተገኘው እኮ እናትሽ ላይ ነው» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«እናቴ ቁስሌን ነክታው አታውቅም!» ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። «አንድ ቀን እንኳ! አይቼ ልቋቋመው አልችልም እያለች ፊቷን ታዞር ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲነካኝ የከረመው የእናንተ እጅ ነው። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ…» አለችና እናቷን አየቻት፤ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃታት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። እንፋሎትም ማልቀስ አማራት፤ ግን እዚህ፣ እነዚህ ሰዎች ፊት፣ በፍጹም አታደርገውም።

ከነርሱ ክርን የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። እንፋሎት ባዶውን መዳፏን ወደ ሜትረኗ ዘረጋች።

«የካቢኔውን ቁልፍ።»

ሜትረኗ ፎጣዎቹን አየች፤ ነጭነታቸው ከወዲሁ የጠፋውን ስምንቱን፣ ዘጠነኛውንም። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው። የገዛ ጽሕፈቷ ከቧንቧው በላይ ተለጥፏል፤ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ያበቃል፣ ስለ ማድረቅ አንዲት ቃል የለውም። ሠላሳ ዓመት የሠራች ሰው ናት፣ ሞኝ አይደለችም። ከቀለበቱ ላይ አንዷን ቁልፍ ስታወጣ ጣቶቿ ቶሎ አልታዘዟትም፤ ለእንፋሎት ግን አልሰጠቻትም። ራሷ ሄደች፤ ራሷ ከፍታ ትናንሾቹን ፎጣዎች በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። ከቧንቧው አጠገብ አስቀመጠቻቸውና ማንንም ሳታይ ወጣች።

ነርሱ እንደገና ታጠበ። በአንዷ ጠረገ፣ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። ሥራ አስኪያጁ ብቻ የሚይዘውን አጥቶ፣ የተጣጠፈች ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ እያስገባ እያወጣ ቆሞ ቀረ። «ጉዳይሽ አላለቀም» አላት።

«አውቃለሁ። ማስፈረም ከፈለግህ ታች ነኝ፣ ውሃ ጥጄ» አለችው እንፋሎት። «ስትመጣ ግን እጅህን ታጥበህ ና፤ መጥረጊያውን እኔ እሰጥሃለሁ።»

ዘጠኙን ፎጣ ታቅፋ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ስትዞር፣ ከኋላዋ የልጅቷ ድምፅ፣ ቁርጥ የእናቷን ድምፅ፣ ነርሱን ሲያዝዘው ተሰማት።

«ጣትህ መሃል አልደረቀም፤ ሌላ ውሰድ!»